መሪ ጨብጬ አላውቅም፣ ታዲያ ወገቤ ለምን እንደ አባቴ ሆነ?

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር ጸሐፊዋን አስፈቅጄ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከኮምቦልቻ ነው። 28 ዓመቴ ነው፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነው ምሰራው። አባቴ 26 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፣ ኮምቦልቻ ባቲ ሚሌ ጅቡቲ እያለ፣ ከ9 ዓመት በፊት ዲስክ ተብሎ አዲስ አበባ ኦፕሬሽን ሆነ። ታላቅ ወንድሜ መኪናውን ተረክቦ 6 ዓመት ነዳ፣ አሁን እሱም ወገቡን ይዞ ቤት ቀረ። የአባቴ ታናሽ ወንድምም እኔ ልጅ እያለሁ ወገቡን ታሞ፣ ከስቶ፣ ጀርባው ጎብጦ በ34 ዓመቱ ነው የሞተው። እኛ ቤት ሁሌ ሚባለው «መኪናው ነው የጨረሰን» ነበር። ከ3 ወር በፊት ግን እኔንም ወገቤን ያዘኝ፣ ከዛ ግራ እግሬን እስከ ጣቴ ድረስ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ታችኞቹ 2 ዲስኮች አርጅተዋል፣ አንዱ ወጣ ብሎ ነርቭ ነክቷል አሉኝ። ውጤቱን የነገረኝ ሰው «የ70 ዓመት ሰው ወገብ ነው ያለሽ፣ ዘር ነው ምንም አይደረግም» አለኝ። እግሬ አሁን በጣም ተሽሎታል፣ ጭንቀቱ ነው የባሰብኝ። አባቴ «ልጆቼን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሲያለቅስ አየሁት። ወንድሜ መኪናውን ሊሸጥ ነው። እኔ ደሞ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጧል፣ አክስቴ «እንዳትናገሪ፣ ዘራቸው ወገብ የለውም ይሉናል» ትለኛለች። ለእጮኛዬ ልንገረው ወይስ ልደብቀው? ልጅ ብወልድስ ይወርሰዋል?»

እህቴ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ በሁለተኛው አባትሽ ያለቀሱበት ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቆየሁ። ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ስሰራ 12 ዓመት ሆነኝ፣ በነዚህ ዓመታት ስንት ሾፌር፣ ስንት ጫኝና አውራጅ፣ ስንት እናት ፊቴ ቁጭ ብሎ «ራሴን በስራ ገደልኩት» ሲለኝ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ «አዎ፣ ከባድ ነገር አንስተህ ነው፣ አቀማመጥህ ነው» ብዬ ሸኝቻለሁ። ልክ አልነበርኩም። በታመመ ሰው ላይ ጥፋትም ጨመርኩበት ማለት ነው፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ላንቺ ስመልስ ለነሱም እየመለስኩ ነው።

የጠየቅሽው ጥያቄ እኮ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። አንቺ መሪ ጨብጠሽ አታውቂም፣ የሐረጎን ቁልቁለት በጭነት መኪና ወርደሽ አታውቂም፣ ሚሌ ላይ በዛ ሙቀት ጎማ ቀይረሽ አታውቂም፣ ግን ወገብ ታመምሽ፣ እንደ አባትሽ። መኪናው ብቻ ቢሆን ኖሮ አንቺ ጋ ምን አመጣው?

ይሄንኑ ጥያቄ በደንብ የጠየቁት ፊንላንድ ውስጥ መንትዮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ናቸው። ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው። እንግዲህ አንደኛው እድሜ ልኩን ከባድ ሲያነሳ ኖሮ ወንድሙ ደሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ ከኖረ፣ ሁለቱንም ኤምአርአይ አንስተሽ ዲስካቸውን፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል ያለውን ለስላሳ ትራስ፣ ጎን ለጎን ስታይው ስራ ምን ያህል እንዳበላሸ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጥናት 115 ጥንድ ወንድ መንትዮችን ነው ያየው። በዛን ጊዜ የብዙ ሀኪም እምነት ዲስክ በሸክም ነው የሚያልቀው የሚል ነበር። የተገኘው ግን የወንድማማቾቹ ዲስክ እንደ መልካቸው መመሳሰሉ ነው። በላይኛው የወገብ ክፍል ሰው ከሰው ካለው ልዩነት ሸክምና የጉልበት ስራ ያስረዳው 7 በመቶውን ብቻ ነበር፣ እድሜ ሲጨመርበት 16 ሆነ፣ ከየትኛው ቤተሰብ ነህ የሚለው ሲጨመር ወደ 77 ዘለለ። በታችኛው ክፍል፣ ማለትም አንቺን ባመመሽ ቦታ፣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሸክም 2፣ ከእድሜ ጋር 9፣ ከቤተሰብ ጋር 43 በመቶ። ከዛ እ.ኤ.አ. በ1999 አውስትራሊያና እንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ አይነት የሆኑትንና ያልሆኑትን መንትዮች አወዳድረው የዘር ድርሻ ለወገብ ዲስክ 74፣ ለአንገት ዲስክ 73 በመቶ ነው አሉ።

አሁን የ43ቱን ነገር ልብ በይልኝ። የወገብ ታችኛው ክፍል ላይ፣ ብዙ ሰው የሚታመምበት ቦታ ላይ፣ ሸክሙም እድሜውም ቤተሰቡም ተደምሮ ከግማሽ በላዩ አልተብራራም። «ዘር ነው ምንም አይደረግም» ያለሽ ሰውዬ የመጀመሪያዋን ቃል ከሞላ ጎደል ልክ ብሏል፣ የሁለተኛዋን ግን ከየትም አላመጣትም።

ለአባትሽ በተለይ እንድትነግሪያቸው የምፈልገው ደሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚሁ የመንትዮች አጥኚዎች ሾፌሮችን ለብቻ አዩ። 45 ጥንድ አንድ አይነት መንትዮች ወሰዱ፣ አንደኛው ለኑሮው ብዙ ዓመት የነዳ፣ ሌላኛው ያልነዳ ወይ በጣም ትንሽ የነዳ። ዲስካቸውን ሲያወዳድሩት የሾፌሮቹ ዲስክ ከወንድሞቻቸው ዲስክ የባሰ ሆኖ አልተገኘም። አባትሽ ወንድምሽን መኪና ላይ ስላስቀመጡት ዲስኩን አላስረጁበትም፣ አንቺንም ምንም አላደረጉሽም። ይሄንን ቁጭ ብለሽ፣ እጃቸውን ይዘሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

(ለእውነቱ ስል ሌላውንም ጎን ልንገርሽ። የመኪና ንዝረትና ረጅም ሰዓት መቀመጥ ዲስኩን ባያስረጀውም ህመሙን ግን ይቀሰቅሰዋል፣ ሾፌሮች ላይ የወገብ ህመም እንደሚበዛ ብዙ ጥናት ያሳያል። አባትሽ መንገድ ላይ የተሰማቸው ህመም ውሸት አልነበረም።)

እሺ ዘር ነው ስንል ምንድነው የወረስሽው? አባትሽ ሾፌር ስለሆኑ በጎማ ብታስረጃቸው ነው ሚሻለው። ማታ ቡና ሲፈላ አቦሉ ላይ እንዲህ በያቸው፣ ሁለት መኪና አንድ ጭነት ጭኖ አንድ መንገድ ሲመላለስ ያንደኛው ጎማ በዓመቱ ያልቃል ያንደኛው ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ለምን? ጎማው ሲመረት የላስቲኩ ጥራት፣ የውስጡ ክር ጥብቀት ይለያያላ። ዲስክም እንደዛ ነው። መሃሉ ላይ ውሃ የያዘ ለስላሳ ነገር አለ፣ ዙሪያውን እንደ ክር ተሸምኖ የሚይዘው ጠንካራ ቀለበት አለ። ያን ውሃ የሚይዝልሽ አግሪካን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ክሮቹ ደሞ ኮላጅን የሚባሉ ናቸው፣ አንዱ አይነት ለቀለበቱ አንዱ ለመሃሉ፣ ሌሎቹም የሚያስተሳስሩ። እነዚህን ሁሉ እንዴት መስራት እንዳለበት ሰውነትሽ የሚያነበው ከጂን ነው። ያረጀውን ክር የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ፣ እነሱም ምን ያህል እንደሚመረቱ በጂን ነው የሚወሰነው። የሰውነት መቆጣትን የሚያዙ፣ ቫይታሚን ዲን የሚቀበሉ ጂኖችም አሉበት። ስለዚህ አንድ «የወገብ ጂን» የሚባል ነገር የለም፣ ብዙ ትናንሽ ነገር ተደማምሮ ነው።

የ74 በመቶውም ትርጉም በጎማው ይገባል። 74 በመቶ ማለት «ካንቺ ህመም ውስጥ 74ቱ የአባትሽ ነው» ማለት አደለም። መኪናዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ አስፋልት ላይ ከሄዱ ያለው ልዩነት አብዛኛው የጎማው ጥራት ይሆናል፣ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ድንጋይ ላይ ከሄደ ግን መንገዱም ድርሻው ይጨምራል። የተጠኑት የፊንላንድ፣ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ሰዎች ናቸው፣ ኑሯቸው የኛን ሰው ኑሮ አይመስልም፣ እንስራ ተሸክማ ዳገት የወጣች ሴት እነሱ መሃል የለችም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ አቅጣጫ ያዢው እንጂ ግንባርሽ ላይ እንደተጻፈ አትቁጠሪው።

ጎማ ላይ የማይሰራ አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱም ዲስክ ህይወት ያለው ነገር መሆኑ ነው። ጎማ አይበላም፣ ዲስክ ይበላል። የሚገርመው ደሞ አዋቂ ሰው ላይ የዲስኩ መሃል የራሱ ደም ስር የለውም፣ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ነው ቀስ እያለ እየሰረገ ምግቡ የሚደርሰው። ቀን ቆመሽ ተቀምጠሽ ስትውይ ክብደትሽ ውሃውን ይጨምቀዋል፣ ሌሊት ስትተኚ መልሶ ይጠጣል፣ ለዛ ነው ሰው ጠዋት ላይ ከማታው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚረዝመው። ሲጋራ ደሞ ይሄንን አቅርቦት ይጎዳል ተብሎ ነው ሚታሰበው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 አንዱ አጫሽ ሌላው የማያጨስ መንትዮችን ሲያዩ የአጫሾቹ የዲስክ ማርጀት ውጤት በአማካይ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ወንድምሽ መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይዘው ብሎ የሚያጨስ ከሆነ ከመኪናው በፊት ሲጋራውን ይሽጥልኝ።

አሁን የኤምአርአይ ፊልምሽን አምጪው። ቀን ላይ መስኮት ጋ ይዘሽ ቁሚ። ከጎን የተነሳውን ምስል ፈልጊ፣ አጥንቶቹ እንደ ሳጥን ተደራርበው የሚታዩበትን። በሳጥኖቹ መሃል ሞላላ ሞላላ ነገር አለ፣ ዲስክሽ እሱ ነው፣ አንደኛው አይነት ምስል ላይ ውሃ ያለው ነጣ ብሎ ነው ሚታየው። ከላይ ጀምረሽ ቁጠሪ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ከታች ሁለቱ ጠቆር ብለዋል፣ ጥቁረቱ ውሃው መቀነሱ ነው፣ ከጠቆሩት አንዱ ወደ ኋላ ትንሽ ተገፍቷል። አየሽው? «ያረጀ» ያሉሽ ይሄን ነው። ግን ላይኞቹን ነጫጮቹንም እይልኝ እንጂ፣ ማንም አላሳየሽም መሰለኝ። እነሱም ያንቺ ናቸው፣ እነሱም ከአባትሽ ዘር ናቸው።

ስለ «70 ዓመት ሰው ወገብ» ደሞ ተናድጃለሁ፣ እንዲህ አይነት ቃል አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ትልቅ የጥናቶች ማጠቃለያ ወጥቶ ነበር፣ ምንም የወገብ ህመም የሌለባቸው 3,110 ሰዎች ምስል ነው የተደመረው። ምንም ሳያማቸው ያረጀ ዲስክ የተገኘባቸው በ20 ዓመት እድሜ 37 በመቶ፣ በ30 ዓመት 52፣ በ40 ዓመት 68፣ በ50 ዓመት 80፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ ነበሩ። ወገቤን የማይሉ ሰዎች ናቸው እነዚህ! ባንቺ እድሜ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሰው ያረጀ ዲስክ ወገቡ ውስጥ ይዞ ምንም ሳያውቅ ማሽን ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። ፊልም ላይ የሚታየውና የሚሰማሽ ህመም ሁለት ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ ሰው አደሉም። ያንቺ እግር የታመመው ዲስኩ ነርቭ ስለነካ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን የወጣው ዲስክ በብዛት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሰውነት ራሱ እየበላው ይቀንሳል። እግርሽ የተሻለሽም ለዛ ይመስለኛል።

እንግዲህ ምን ታደርጊ። ህመሙ ከቀነሰ አልጋ ላይ መዋልን ተይው፣ ወገቤን ላሳርፍ ብሎ መተኛት ጡንቻውን ነው ሚያደክመው። ተራመጂ። ከፋብሪካው ሰርቪስ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና በእግርሽ ግቢ፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይሁን፣ ከዛ 20። ማሽን ላይ ስትሰሪ ጨርቁ ላይ ተደፍተሽ ቀኝ እግርሽ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ወገብሽ ወደ አንድ ጎን እንደሚጣመም አውቃለሁ፣ እዚህ የሚመጡ ልጆች ሁሉ አቀማመጣቸው ያው ነው፣ ወንበሩን ወደ ማሽኑ ሳቢው፣ በተቻለ መጠን በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተሽ አንድ ደቂቃ ቁሚ፣ ሱፐርቫይዘሯ ካልፈቀደች ከሀኪም ወረቀት አጽፊና አሳያት። «ትክክለኛ አቀማመጥ» የሚባለውን ብዙ አትጨነቂበት፣ ዋናው አንድ አይነት ሆኖ አለመዋል ነው።

ጠዋት ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከእንቅልፍ እንደተነሳሽ ዲስክሽ ውሃ ጠጥቶ ተወጥሯል፣ ያኔ ለሁለት እጥፍ ብለሽ በዛ በአጭሩ መጥረጊያ ቤት መጥረግ፣ ከመሬት ጀሪካን ማንሳት ጥሩ አደለም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሰዓት አሳልፊው፣ ወይ እንጨት ቀጥለሽበት ቆመሽ ጥረጊ። ጀሪካኑንም ሞልተሽ አንድ ከመሸከም ግማሽ ግማሽ አድርገሽ በሁለት እጅ ያዢ።

ወጌሻ ጋ የምትሄጂ ከሆነ፣ ማሸት ብቻ ይሁን፣ ጀርባሽ ላይ እንዲቆሙ ወይ ወገብሽን በኃይል እንዲያንቋቁ አትፍቀጂ፣ ነርቭ የተነካበት ወገብ ላይ ይሄ አደጋ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥም ይቅርብሽ፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ልታገቢ ስለሆነ ደሞ ልብ በይ፣ ካረገዝሽ ሳታማክሪ እንዳትነኪው።

እነዚህን ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዛው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ፣ ሽንትሽ አልወጣ ካለ ወይ ሳታውቂው ካመለጠሽ፣ ሰገራም እንደዛው፣ በእግሮችሽ መሃልና መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግርሽ ከከዳሽ ወይ የእግርሽ መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ ካለ። ይሄ ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ከመጣ ግን ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ለወንድምሽ፣ መኪናውን በዲስክ ምክንያት እንዳይሸጥ። በሌላ ምክንያት ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ በደንብ ይታይ፣ እግሩ ላይ ድካም ወይ መደንዘዝ ካለ ይታከም፣ ህመሙ ሲቀንስ ቀስ ብሎ ይመለስ። የወንበሩን ስፕሪንግና ስፖንጅ ያስጠግን፣ የኪስ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ ያውጣ፣ በየ2 ሰዓቱ ወርዶ መኪናውን አንዴ ይዙረው። ደርሶ እንደቆመ ደሞ ወዲያው ከረዳቱ ጋር ጭነት ማውረድ የለም፣ ሰውነቱ ለሰዓታት ሲንቀጠቀጥ ነው የመጣው፣ ትንሽ ይራመድ መጀመሪያ። 6 ዓመት የለመደውን እንጀራ በፍርሃት መተው ግን ሌላ በሽታ ያመጣበታል፣ ቤት ተቀምጦ ሲብሰለሰል ህመሙ ራሱ ይብሳል።

ወደ ጋብቻው ልምጣ። አክስትሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ ይገባኛል። እኛ ሀገር ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይጠየቃል፣ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፣ እሷም የምታውቀው ይሄንን ነው። ግን ንገሪው። ሽማግሌዎቹ ሳይላኩ በፊት፣ አንቺ ራስሽ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማው። የምትነግሪውም እንደ ኃጢአት ኑዛዜ አደለም። «ወገቤን አሞኝ ነበር፣ ሁለት ዲስክ ተጎድቶ አንዱ ነርቭ ነክቶ ነበር፣ እየተሻለኝ ነው፣ አባቴና ወንድሜም አለባቸው፣ ከባድ ነገር ሳነሳ ታግዘኛለህ» በይው፣ በቃ። የመጨረሻዋን አትርሺያት፣ ምክንያቱም አብራችሁ ስትኖሩ ውሃ የሚቀዳውም፣ ልጅ ከመሬት የሚያነሳውም፣ ሶፋ የሚገፋውም አንድ ቤት ውስጥ ነው፣ ወገብ ደሞ ተደብቆ አይኖርም፣ አንድ ቀን ጠዋት ጫማሽን ማሰር ሲያቅትሽ ያየዋል። ያኔ የሚያሳዝነው ዲስክሽ ሳይሆን መደበቅሽ ነው።

የሱ እናት ወይ አባት «ዘራቸው ወገብ የለውም» ካሉ፣ ከላይ ያለውን ቁጥር አስታውሺ። 50 ዓመት የሞላው ሰው ምንም ሳያመው 80 በመቶው ያረጀ ዲስክ አለው። ኮምቦልቻ ውስጥ የትኛውም ቤት ገብተሽ አዋቂዎቹን በሙሉ ኤምአርአይ ብታስነሺ ነጭ ዲስክ ብቻ ያለው ቤት በቀላሉ አታገኚም፣ የነሱንም ጨምሮ።

ልጆችሽስ? አዎ፣ ዝንባሌው ሊተላለፍ ይችላል፣ አልዋሽሽም። ግን ልጅሽ ግማሹን ካንቺ ግማሹን ከባልሽ ነው የሚወስደው፣ ያውም ብዙ ትናንሽ ጂን ተደባልቆ፣ የትኛው እንደሚደርሰው አይታወቅም። አንድ ጂን ብቻውን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ላሳይሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊንላንድ ውስጥ ከኮላጅን ጂኖች በአንዱ ላይ የተገኘ ለውጥ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር፣ እግር ድረስ በሚወርድ የዲስክ ህመም ከተያዙት 157 ሰዎች ውስጥ ግን የተገኘው 6ቱ ላይ ነው። ሌሎቹ 151 ሰዎች በሌላ መንገድ ነው የታመሙት። ለዚህ ነው ጂን አስመርምሪ የማልልሽ፣ ገንዘብሽን ነው የሚበላው። ከመውለድ የሚከለክልሽ ነገር የለም። እርግዝና ወገብ ሊያሳምም ይችላል፣ ያንን ጤነኛ ወገብ ያላትም ታውቀዋለች፣ ለክትትል ስትሄጂ የዲስኩን ነገር ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ፊልሙንም ያዢላቸው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፣ እሱም ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ፣ አጎትሽ ናቸው። እናንተ ቤት «የወገብ ዘር» ሲቆጠር እሳቸውም አብረው ተቆጥረዋል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ እሳቸው ጋ ስደርስ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። የዲስክ ማርጀት ሰውን አያከሳም፣ በ34 ዓመቱ ጀርባን አጉብጦ አይገድልም። ወገብ የሚያም፣ የሚያከሳ፣ ጀርባ ላይ ጉብታ የሚያወጣ፣ ሲቆይ እግር የሚያሽመደምድ በኛ ሀገር የታወቀ በሽታ አለ፣ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ይባላል። ነው ብዬ መወሰን አልችልም፣ አላየኋቸውም፣ ግን ከሆነ አጎትሽ ከዘር ቆጠራችሁ ይወጣሉ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ቲቢ በትንፋሽ የሚተላለፍ ተህዋስ እንጂ የዘር ውርስ አደለም፣ ደሞ ይድናል፣ መድኃኒቱም መንግስት ጤና ተቋም ውስጥ በነፃ ነው። ይሄንን የምልሽ ለሞቱት ብቻ አደለም። እናንተ ቤት ወገቤን የሚል ሰው ሁሉ «ያው የዘራችን ነው» ተብሎ ቤት ከተቀመጠ፣ አንድ ቀን ሌላው በሽታ ሲመጣ ማንም አያየውም። ወገብ ከማመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ወይ ሌሊት ተኝቶም የማይተው ህመም ያለበት ሰው ካለ፣ ወንድምሽንም ጨምሮ፣ ዛሬ ነገ ሳይል ይመርመር። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ቤታችሁ ካለ እሱንም ለሀኪሙ ንገሩ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚመጣ በሽታም ወገብ ላይ ይወጣል።

አጎትሽን ያስታምሙ የነበሩት አባትሽ ከሆኑ እሳቸውን ጠይቂያቸው፣ ካልሆነም አክስትሽ ሳታውቅ አትቀርም። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸው ነበር ወይ? ሳል ነበራቸው ወይ፣ ቤት ውስጥስ የሚያስል ሌላ ሰው ነበር? ጉብታው ሹል ነበር ወይስ ጀርባቸው በሙሉ ነው የጎበጠው? መጨረሻ ላይ እግራቸው ይታዘዝላቸው ነበር? የነገሩሽን እንዳለ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።